የቲቸር የሺሃረግ ቁምሳጥን

ልብስ ያጣ ሰው «የምለብሰው የለኝም» ቢል አዝንለታለሁ። የሚያናድደኝ ቁምሳጥኑ አልዘጋ እያለው እንደዚያ የሚለው ነው። አሰላ ውስጥ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት፤ ይህን ቃል ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ደንበኞቼ ይሉታል። ልጄ ሙቢና በየጠዋቱ ትለዋለች፤ አልጋዋ ላይ የተቆለለውን እያየሁ «ማሎ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ታዲያ የማነው? የጎረቤት ነው?» እላታለሁ። ባለፈው ጥቅምት ቲቸር የሺሃረግ ሲሉት ግን መናደዱ ቀረ።

ቲቸር የሺሃረግ የቤት አያያዝ አስተማሪ ነበሩ። እኔና እኩዮቼ ቁልፍ መትከል የተማርነው ከእሳቸው ነው። እውነቱን ለመናገር ከትምህርቱ ይልቅ የምንጠብቀው ዛሬ ምን ለብሰው ይገባሉ የሚለውን ነበር። ከጭላሎ የወረደ ጉም ግቢውን በሸፈነበት ጠዋት እኛ የወንድሞቻችንን ኮት ደርበን ስንንቀጠቀጥ፣ እሳቸው በቡናማ ጉርድና በክሬም ሹራብ፣ አንገታቸው ላይ ስስ ሻሽ አስረው፣ ብርድ የሚባል ነገር እንዳልሰማ ሰው ቀጥ ብለው ይገቡ ነበር። ጡረታ ወጥተውም አልተለወጡም። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ የጫማቸው ቀለም ከቦርሳቸው አይጣላም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ የእሳቸውንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ እኔ ሰጋጅ፤ አጥሩ ላይ ግን ለሁለታችንም የምትበቃ በር ከፍተንበታል።

ያን ቀን በዚያች በር አልፈው የስፌት ክፍሌ ገቡ። ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰዋል፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ነው። አንድ እግራቸው ላይ ቡናማ ጫማ፣ ሌላው ላይ ጥቁር።

«ጁወይሪያ፣ የምለብሰው የለኝም» አሉ።

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

«ሳቂ» አሉ ወንበሩን በእጃቸው እየፈለጉ። «የለኝም ያልኩሽ ጠፍቶ አይደለም። አይታየኝም።»

ግላኮማ ነው። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን» ብሏቸዋል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ የሰው ቁመናም ያያሉ፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊውና ቡናማው ግን አንድ ሆኖባቸዋል። ለማንም ሳይናገሩ ወራቱን በግምት ሲለብሱ ከርመዋል። ሰው አላወቀባቸውም፤ ወይም አውቆ ዝም ብሏቸዋል። ይሄ ሁለተኛው ነው ያንገበገባቸው።

«ብሩክ አዳማ ካልመጣሽ እያለኝ ነው» አሉ። ብሩክ አንድ ልጃቸው ነው፤ አዳማ ላይ መድኃኒት ቤት አለው። «ለሙቢና ሰርግ ሲመጣ ዕቃዬን ጭኖ ይዞኝ ሊመለስ ነው። ክፍል አዘጋጅቷል፤ የምታለብሰኝ ሠራተኛም ቀጥሯል።»

«ደግ ልጅ ነው» አልኩ።

«ደግ ነው። የፈራሁትም ደግነቱን ነው። ጨለማውን እለምደዋለሁ ጁወይሪያ። በየጠዋቱ እንደ ሕፃን እጄን አንስቼ የሰው እጅ ሲያለብሰኝ ግን አልችለውም። ልብሴን ራሴ መርጬ፣ ራሴ ለብሼ ስወጣ ካየ ሊተወኝ ቃል አስገብቼዋለሁ። እስከ ሰርጉ አግዢኝ።»

የሙቢና ሰርግ ጥር ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጀመርን።

ልብስ ማደራጀት የሚጀምረው ሁሉንም በማውጣት ነው። እንደተሰቀለ እያገላበጡ «ይሄ ይቆይ፣ ይሄም ይቆይ» ማለት ድካም ብቻ ነው፤ መስቀያ ላይ ያለ ልብስ ሁሉ የሚያስፈልግ ይመስላል። ቁምሳጥኑን አልጋው ላይ ገለበጥኩትና አንድ በአንድ እያነሳሁ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነ፤ «ይሄን ባለፈው ክረምት ለብሰውታል?» አሰላ ላይ ክረምት ያልተለበሰ ልብስ ለጌጥ የተቀመጠ ነው። እሳቸው በጣታቸው እያሹ ይፈርዳሉ። «ይሄ ያንሸራትታል፤ አያሞቅም፤ ስጪው።» «ይሄ ብብቱ ይይዘኛል፤ ስጪው።» «ይሄን ማን ገዛልኝ? አክስቴ ናት። ነፍሷን ይማር፣ ስጪው።»

ቀለም ላይ ተጣላን። እኔ ሁሉም ጥቁርና ግራጫ ይሁን፣ ከዚያ ማን ይሳሳታል ብዬ ነበር።

«እኔ መነኩሴ አይደለሁም» አሉ።

«አይታይዎትም እኮ!»

«እኔን ያዩኛላ!»

ወላሂ፣ የመፍትሔውን መንገድ ያገኙትም ራሳቸው ናቸው። ቡናማ፣ ክሬምና ወይን ጠጅ ብቻ ይቅሩ አሉ። ከሦስቱ የትኛውም ከየትኛውም ጋር ቢወጣ ይስማማል፤ ስለዚህ በእጃቸው የገባው ሁሉ ትክክል ይሆናል። ጫማው ሁሉ ቡናማ እንዲሆን ተስማማን። ዓይን ላለውም ሰው ብዙ ጊዜ የምመክረው ይሄንኑ ሆኗል፤ ልብስ የሚያንሰን ቁጥሩ አንሶ አይደለም፤ ያለው እርስ በርሱ ስለማይስማማ ነው።

ከዚያ ሳጥኑ መጣ። እያንዳንዷ የእኛ አገር ሴት አልጋ ስር ወይም ቁምሳጥን አናት ላይ እንዲህ ያለ ሳጥን አላት፤ የክት የሚቀመጥበት። የዘወትሩ እየተቀደደ እየተጣፈ ይለበሳል፤ የክቱ የብል መድኃኒት እየሸተተ ቀን ይጠብቃል። የቲቸርን ሳጥን ስከፍት ከላይ የወይን ጠጅ ከፋይ ቀሚስ አገኘሁ። ሰፊው ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁ ይባረክ፤ ገበሩ እንኳ እንደ ፊቱ የተሰፋ ነው። አንድ ቀንም አልተለበሰም። ከስሩ ነጭ ጫማ ነበር፣ በወረቀት የተጠቀለለ። ሳነሳው ሶሉ እንደ ቆሎ እጄ ላይ ረገፈ። የተቀመጠ ጫማ እንደዚያ ነው፤ ቢረግጡት ይቆይ የነበረው ሳይረግጡት ያልቃል።

«ምንድን ነው የወደቀው?» አሉ።

«ነጩ ጫማ ነው። ፈረሰ።»

እጃቸውን ዘርግተው ፍርፋሪውን ዳሰሱ። «አንድ ቀን አላደረግሁትም» አሉ።

«ለየትኛው ቀን ነበር ያስቀመጡት?»

«እንጃ። ለጥሩ ቀን።»

እኔ ምላሴን መያዝ አልችልም፤ ባሌም የሚለው ይሄንኑ ነው። «ቲቸር፣ ቀሚሱንም እንደዚያው ሊያደርጉት ነው? ትንሽ ብርሃን እያለዎት ካልለበሱት መቼ ሊያዩት ነው?» አልኳቸው። ካልኩት በኋላ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ከፋዩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩና፣ ብርሃኑ ላይ ጠጋ አድርገው፣ ቀለሙን ፈልገው ፈልገው ያገኙት መሰለኝ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

«በይ ስቀይው» አሉ በመጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት የክት የለም።»

ከዚህ ውጭ የቀረው የሀዘን ልብስ ብቻ ነበር። ጥቁር ጥለት ያለውን ነጠላ ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። የሀዘን ልብስ ከቤት አይወጣም፤ ለቅሶ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም አሉኝ። ልክ ናቸው። ችግሩ ሌላው ነጠላቸው፣ ወርቃማ ጥለት ያለው፣ የዚያው ሸማኔ ሥራ መሆኑ ነው፤ በጣት ሲዳሰስ አንድ ነው። ስለዚህ የጥቁሩን አንድ ጫፍ ራሳቸው ቋጠሩት። «ቋጠሮ ካለው ሀዘን ነው» አሉ፤ ሁለቱም ከታች መደርደሪያው ላይ ተቀመጡ።

የቀረው የእኔ ሥራ ነው። አንድ ሙሉ ልብስ በአንድ መስቀያ ሰቀልኩ፤ ጉርዱ፣ ሸሚዙ፣ ሹራቡ አንድ ላይ፣ ሻሹ መስቀያው አንገት ላይ ታስሮ። ጠዋት ተነስቶ አራት ነገር ከመፈለግ አንድ ነገር ማውረድ ይቀላል። ወፍራሙ በቀኝ፣ ለጠዋትና ለማታ ብርድ፤ ስሱ በግራ፣ ፀሐይ ለወጣበት ቀን። በእያንዳንዱ ልብስ ማጅራት ወይም ወገብ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ቁልፍ ተከልኩ፤ ለቡናማው ጠፍጣፋ፣ ለክሬሙ ክብ፣ ለወይን ጠጁ ጎድጓዳ። ቁልፉ ቀለሙንም ይናገራል፤ የልብሱ ውስጥ የትኛው እንደሆነም ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ሹራብ ገልብጠው ለብሰው አያውቁም።

በየጠዋቱ በአጥሯ በር መጥተው ክፍሌ መሃል ይቆማሉ። እኔ ከ«ይለፉ» ወይም ከ«ይመለሱ» ሌላ አልናገርም፤ ስምምነታችን ነው። መጀመሪያ ላይ ሲመለሱ እየተበሳጩ ነበር፤ አንድ ጊዜማ በሩን አላትመውብኝ ሄዱ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲጋመስ የምመልስበት ምክንያት አጣሁ። ገበያ ውስጥ ሴቶች «ቲቸር ደግሞ ዘንድሮ ምን ነካቸው፣ እንዲህ ያማረባቸው» ሲሉ ሰማሁ። ዓይናቸው እንደደከመ አልጠረጠሩም፤ ደስ አለኝ።

ብሩክ የሰርጉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። እኔ በዚያን ቀን ራሴንም አላውቅም ነበር፤ ድንኳኑ፣ ሥጋው፣ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ የሚሠራው፣ ሙቢና ደግሞ ሂናዋ አልቀላም ብላ ስታለቅስ። ቲቸር ልጅቷን ሊያጽናኑ እኔ ቤት መጥተው እስከ ምሽት ቆዩ። ብሩክ ቤት ብቻውን ቀረ።

ብሩክን ካወቅሁት ጀምሮ እጁ አርፎ አያውቅም። መድኃኒት ቤቱ ገብታችሁ ብታዩ ጠርሙሱ ሁሉ በቁመት ተሰልፏል። የእናቱን ቁምሳጥን ከፈተው። ጉርድና ሹራብና ሸሚዝ አንድ መስቀያ ላይ ተደራርቦ ሲያይ፣ እናቴ አቅቷት እንደነገሩ ሰቅላዋለች ብሎ አዘነ። ከዚያ በደግነቱ ተነሳ። ጉርዱን ከጉርድ፣ ሹራቡን ከሹራብ፣ ከጠቆረው እስከ ነጣው በመልኩ ደረደረ። ከታች ነጠላ አገኘ፤ ጫፉ ተቋጥሮ ተጨማዷል። ፈታው፣ በካውያ ተኮሰው፣ አጣጥፎ ከወርቃማው በላይ አስቀመጠው። ማስደሰት ፈልጎ ነውና ለእናቱ አልነገራቸውም።

ጠዋት ቲቸር በራቸውን ዘግተው ቁምሳጥኑን ከፈቱ። ምንም በቦታው የለም። «ማነው የነካው?» ብለው ቢጮሁ ልጃቸው በሩ ላይ ቆሟል፤ ጩኸቱ «ራሴ መልበስ አልቻልኩም» ማለት ይሆናል ብለው ተዉት። ይሄን ሁሉ በኋላ ነው የነገሩኝ። በጣታቸው ከማጅራት ማጅራት እየሄዱ ጎድጓዳዋን ቁልፍ ፈለጉ፤ ከፋዩን አገኙት፤ ለበሱት። ጫማው ቡናማ ነው፤ ምንም አይሳሳትም። ወደ ነጠላው ወረዱ። ሁለቱንም ጫፍ በጫፍ ዳሰሱ። ቋጠሮ የለም። አንዱን ከላይ ያለውን አነሱ፤ ከላይ የሚቀመጠው ሁልጊዜ የደስታው ነበርና።

ወጡ። «እንዴት ነኝ?» አሉ።

«እማዬ፣ በጣም አምሮብሻል!» አለ ብሩክ። ከልቡ ነው ያለው።

እኔ ድንኳኑ በር ላይ እንግዳ እየተቀበልኩ ነበር። ከሁሩታ የሚመጣው ሙሽራ፣ ኢርሻድ፣ ከነአጃቢዎቹ ሊደርስ ነው ተብሎ ሴቶቹ ከበሮ ይዘዋል፣ እልልታው ደምቋል። ቲቸር በብሩክ ክንድ ላይ ብቅ አሉ። ከፋዩ ፀሐይ ላይ እንደዚያ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በላዩ ላይ ግን ጥቁር ጥለት፣ ግራና ቀኝ ወርዶ፣ ከሩቅ ይታያል። እልልታው ከፊት ጀምሮ ጠፋ። የማዶዋ ጎረቤታችን ተሻለች ደረቷን ያዘች።

«ውይ! ማን ሞተ?» አለች።

ቲቸር ባሉበት ቆሙ። እጃቸው ወደ ጥለቱ ሄደና እዚያው ቀረ።

ሮጥኩና ብሩክ ላይ ጮህኩበት። «አንተ ሰውዬ! ለልጄ ሰርግ እናትህን የለቅሶ ነጠላ አልብሰህ ትመጣለህ?»

«ጥቁር ነው እንዴ?» ብሩክ ጎንበስ ብሎ አየው። ፊቱ ተለወጠ። «አላየሁም ጁወይሪያ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም!»

«አድርጎልሃል» አሉ ቲቸር።

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ መሳቅ እየፈለግሁ አልሳቅሁም።

«ቋጠሮው የታለ?» አሉት ቀስ ብለው።

«ያ ቋጠሮ... እኔ ነኝ የፈታሁት። በስህተት የተቋጠረ መስሎኝ። ልርዳሽ ብዬ...»

«ከቤት ስወጣ እንዴት ነኝ ብዬህ ነበር። ምን አልከኝ?»

«አምሮብሻል።»

«አዳማም የምትለኝ ይሄንኑ ነው» አሉ። «እኔ የለቅሶ ነጠላ ለብሼ ሰርግ እሄዳለሁ፤ አንተም ስለምትወደኝ አምሮብሻል ትለኛለህ።»

ብሩክ ጆሮው ድረስ ቀላ። አሳዘነኝ፤ ጮሄበት ሳበቃ አሳዘነኝ። ቲቸር ነጠላውን ከትከሻቸው አወረዱና አጣጥፈው ክንዱ ላይ አስቀመጡለት። ልከተላቸው ስል «ተይኝ» አሉ። አንድ እጃቸውን ቆርቆሮው ላይ አድርገው፣ አጥሩን ይዘው፣ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብሩክ ሊከተላቸው ሲል ክንዱን ያዝኩት። የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ከታች መንገድ ላይ ተሰማ። ሰርጌ ነው፣ ልጄ ናት፣ ዓይኔ ግን ከዚያች የአጥር በር አልተነሳም።

ሙሽራው ከመኪናው ሲወርድ በሯ ተከፈተች። ወርቃማው ጥለት እንደ ደንቡ ወደ ታች ወርዶ፣ ከፋዩ ላይ ተኝቶ፣ ቲቸር ቀጥ ብለው መጡ፤ ያን ጊዜ ክፍላችን ይገቡ እንደነበረው። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ እኔ መልሰው ቆሙ። ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ።

«ይለፉ» አልኳቸው። እልልታውን እኔው ጀመርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ብሩክ ሊሄድ ነው ሲባል ከሰርጉ የተረፈውን ስንቅ ይዤ በአጥሯ በር ገባሁ። የመኝታ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ብሩክ ቁምሳጥኑ ፊት ቆሟል፤ ዓይኑ በእናቱ ሻሽ ታስሯል። ቲቸር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያንን የክፍል ድምፃቸውን ከየት እንዳመጡት እንጃ።

«በእጅህ ያለው ምንድን ነው?»

«ሹራብ።»

«እሱንማ ማን ያጣዋል። የቱ ሹራብ?»

ብሩክ ማጅራቱን ፈለገ። ጣቱ ትልቅ ነው፤ ቁልፏን ሁለት ጊዜ አለፋት። «ጠፍጣፋ ናት... ቡናማው?»

«ቡናማው። ከጉርዱ ጋር ስቀለው። ወፍራም ነው ስስ?»

«ወፍራም።»

«እንግዲያ በየት በኩል?»

«በቀኝ።» ሰቀለው። ላብ አስምጦታል። ሥራው ከደረደረበት ጊዜ በላይ ፈጀበት፤ እሳቸውም አልራሩለትም፤ ሁለት ጊዜ አስወርደው መልሰው አሰቀሉት። እኔ ስንቄን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

በመጨረሻ ወደ መደርደሪያው ጎንበስ አለና ነጠላ አነሳ። ጫፍ በጫፍ ዳሰሰው። «ነጠላ ነው። ምልክት የለውም።»

«ለምን የለውም?»

«ስለፈታሁት።»

«ጥቁሩ ነው እሱ። ትናንት ስትመልስልኝ ከወርቃማው እንዳይምታታብኝ ከላይ አድርጌው ነበር። ብሩኬ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት ትከሻህ ላይ የምትጥለው እሱን ነው። ከታች መደርደሪያው ላይ፣ በስተቀኝ ታገኘዋለህ። ማንንም ሳትጠይቅ እንድታገኘው ቦታውን እወቅ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ከሻሹ ስር የብሩክ እንባ በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም። ነጠላውን ደረቱ ላይ ይዞ ጫፉን ፈለገ፣ አገኘው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ቋጠረው።